ሙቀት የሚይዝ የቤት ማሞቂያ ምድጃ አሠራር
በሱሉልታና በእንጦጦ ግርጌ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ዘልቆ ሲገባ፣ የቆርቆሮ ምድጃ እሳቱ እንደጠፋ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ማንደጃውን ጠበብ አድርገው በሸክላ ጡብ ይገንቡት፤ ጭሱም በቀጥታ እንዳያመልጥ፣ በጎን ባለ የጡብ መተላለፊያ ቁልቁል ወርዶና ሙቀቱን ለጡቡ ትቶ ወደ ጭስ ማውጫው እንዲገባ ያድርጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ መተላለፊያ ነው፤ ጥላሸቱ የሚጠረግበት ትንሽ በርም ከታች ይተዉለት። ውጪውን የጤፍ ጭድ ገብቶበት በቦካ ጭቃ ይለስኑ፤ እስኪደርቅም ይታገሡ። የሚነደው ባሕር ዛፍ ደረቅ ይሁን፤ ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። ፍሙ ፈጽሞ ሳይጠፋ ጭስ ማውጫውን መዝጋት ግን ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው ይገድላል።