ቤት ልውለድ ወይስ ጤና ጣቢያ? ምጥ ሳይመጣ የሚያልቅ ስራ

እኛ ሀዋሳ ያለነው ምጥ ሲመጣ ባጃጅ እንጠራለን፣ ወዲያው አዳሬ ወይም ሪፈራል ሆስፒታል ነን። ሁላ ወይም አሮሬሳ ወረዳ ጥግ ላይ ያለችው ሴት ግን ጭቃው፣ ጨለማውና "ልጆቹን ለማን ትቼ" የሚለው ጥያቄ አለባት።

የወንድሜ ሚስት ሁለተኛዋን ስታምጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወንድሜ ደወለልኝ። ዝናቡ በስልክ ይሰማል። አምቡላንስ ተጠርቷል፤ ሹፌሩ ግን "መንገዱ አያስገባም፣ ድልድዩ ጋ አውጧት" ብሏል። ቃሬዛ የለም። ጋቢ በሁለት አጣና ላይ አስረው ሲወጡ የወንድሜ ስልክ ባትሪ ጨረሰ፣ እኔም እስኪነጋ ቁጭ። ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ወለደች። ተመስገን፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ለሶስተኛው ግን አስበንበት ገባን። "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" እንዳትሉኝ እንጂ የተማርነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለምን ጤና ጣቢያ? እኔም የተወለድኩት ቤት ነው፣ እናቴም አልሞተችም። ችግሩ ማን ላይ ደም እንደሚበዛ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም አንዲትን ጤነኛ ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጤና ጣቢያ ልጁ እንደወጣ በ1 ደቂቃ ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ ይወጋሉ፣ ማህፀኑ ይኮማተራል። የልምድ አዋላጇ እጇ የቱንም ያህል የተባረከ ቢሆን ይሄ መርፌ የላትም።

ክትትል ቶሎ ጀምሪ፣ ሶስት ወር ሳይሞላሽ ቢሆን ጥሩ ነው። የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ያዢ፣ ቀኑ ካልታወቀ ሌላው ሁሉ ግምት ነው። የደም አይነትሽን ጠይቂ። አዋላጅ ነርሷንም ፊት ለፊት "እዚህ መውለድ እችላለሁ ወይስ ሆስፒታል?" በያት። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ከወለድሽ፣ መንታ ከሆነ ወይም ልጁ በእግሩ ከመጣ ኦፕራሲዮን የሚሰራበት ሆስፒታል ነው የሚያስፈልግሽ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር መባል ሌላ መንገድ ነው።

ሩቅ ከሆንሽ ስለ እናቶች ማቆያ ጠይቂ። ብዙ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አለ፤ ቀንሽ ሁለት ሶስት ሳምንት ሲቀረው ገብተሽ ትጠብቂያለሽ። ምግብና ማገዶ ከማን እንደሆነ ከወዲሁ አጣሪ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከባዱ ግን ቤቱ ነው። ላሟን ማን ያልባል? ትንሿን ማን ያበላል? ይሄ ካልተመለሰ ማቆያው ቢያምርም አትሄጂም። ስለዚህ ባልሽንና አማትሽን አስቀምጠሽ አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ ቡና ይፈላ።

መንገዱን ደግሞ ባልሽ ዝናብ በዘነበ ማግስት ይሂድበት። መኪና የት ድረስ ይገባል? ከዚያ ወዲህ የሚሸከሙ አራት ጎረምሶች እነማን ናቸው? እድሩ ቃሬዛ አለው? የአምቡላንሱን ሹፌር፣ የጤና ኤክስቴንሽኗንና የአንድ ሞተረኛ ስልክ ቁጥር ያዙ። ወንድሜ አሁን በሩ ጀርባ ላይ በከሰል ጽፎታል፤ ስልኩ ቢዘጋም ጎረቤት ያነበዋል። በመንግስት ጤና ጣቢያ መውለድ በነጻ ነው፣ ለትራንስፖርትና ለምግብ ግን ትንሽ ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ።

አንዳንዷ የምትቀረው ባለፈው ጊዜ ስለተጮኸባት ነው። ወይ ወንድ አዋላጅ አፍራ ነው። ወይ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ይጣላል ብላ። እውነት ነው፣ መጮህ ነውር ነው፣ የሚጮኸው ሰው እንጂ እሷ ልታፍር አይገባም። ክትትል ላይ እያለሽ ቀድመሽ ተናገሪ፦ እናቴ አጠገቤ ትሁን፣ ሴት ካለች ትምጣልኝ፣ የእንግዴ ልጁን ስጡኝ። ጠይቀው የወሰዱ አውቃለሁ።

ሳይታሰብ ቤት ከመጣስ? ጤና ኤክስቴንሽኗን ጥሩ። እጅ በሳሙና፣ አዲስ ምላጭ፣ ንጹህ ክር። ልጁን አድርቁና እናቱ ደረት ላይ አድርጉት፣ ወዲያው ይጥባ፣ በዚያው ቀን አይታጠብ። እትብቱ ላይ ቅቤም እበትም አይቀባ፣ አፉም ላይ ቅቤ አይደረግ። የእንግዴ ልጁን ለማውጣት እትብቱን አትጎትቱ። በ30 ደቂቃ ካልወጣ ወይም ደሙ ጨርቅ ካራሰ ሳትጠብቁ ውጡ። ደህና ብትመስልም ሲነጋ ሁለቱም ይታዩ።

ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የፊት እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ደም፣ ወይም ምጥ ሳይኖር ሽርት ውሃ ከፈሰሰ በየትኛውም ወር ቢሆን ተነሱ። ምጡም ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ "ነገ ይሻላታል" አይባልም። ይርጋለም የሚገኘው የሐምሊን ፊስቱላ (ምጥ ሲረዝም ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ፈቃድ እንዲፈስ የሚያደርግ ጉዳት) ማዕከል ውስጥ ከሚታከሙት ብዙዎቹ ለቀናት ያማጡ ሴቶች ናቸው።

የወንድሜ ሚስት ሶስተኛዋን የጠበቀችው ማቆያ ውስጥ 11 ቀን ተቀምጣ ነው። ላሟን ወንድሜ አለበ። በመጀመሪያው ጠዋት ደወለልኝ፣ ደንግጬ "ወለደች?" ስል፣ "አይ፣ ላሟ ረገጠችኝ" አለኝ።