እሾህና ድንጋይ የሚችል የአትክልት ሥራ ጓንት እንዴት ይመረጣል?

ደሴ ላይ ጓንት ቶሎ የሚጨርሰው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሙቀትና ላብ ይጨመርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን ይለዩ። ለመኮትኮትና ችግኝ ለመትከል መዳፉ ናይትሪል (ሰው ሠራሽ ጎማ) የተነከረ የሹራብ ጓንት ይበቃል። ድንጋይ ለመካብ የከብት ቆዳ፣ ጽጌረዳ፣ ቀጋና ቦገንቪሊያ ለመግረዝ ደግሞ እስከ ክርን የሚጠጋ የፍየል ቆዳ ያስፈልጋል። ነጩ የጥጥ ጓንት ለአፈር ሥራ ገንዘብ ማባከን ነው።

ልክዎን በክር ይውሰዱ። አውራ ጣትን ትተው መዳፍዎን ዙሪያውን ይለኩ፦ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ቁጥር 8፣ 23 ከሆነ 9፣ 25 ከሆነ 10 ነው። የሰፋ ጓንት የዶማ እጀታ ላይ እየተንሸራተተ እጅ ውኃ ያስቋጥራል።

ሰኞ ገበያም ይግዙ ፒያሳ፣ «ቆዳ ነው» ሲባሉ ጓንቱን ገልብጠው ይዩት። በሁለቱም ገጹ ሻካራ ከሆነ ከታችኛው የቆዳ ንብርብር የተሠራ ነው፤ ይረክሳል፣ ፍትጊያም ይችላል፣ ግን ውኃ ይጠጣል። አንድ ገጹ ልሙጥ ከሆነ የላይኛው ንብርብር ነው፤ በቀላሉ አይቀደድም። የፍየል ቆዳ ቀጭን ሆኖም ጠንካራ ነው፤ የባቲ ፍየል ቆዳ በነጋዴው ዘንድ ስም ያለው በከንቱ አይደለም። የበግ ቆዳ ለእጅ ይመቻል፣ ለድንጋይ ግን አይሆንም።

ከቆዳው ይልቅ ብዙ ሰው የሚሸወደው በስፌቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጓንት መጀመሪያ የሚተረተረው በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ነው። እዚያ ላይ ስፌቱን በሁለት እጅ ለጠጥ ያድርጉት፤ በክሩ መካከል ብርሃን ካሳየ ይመልሱት። ድርብ ስፌትና የናይለን ክር ይምረጡ። የጥጥ ክር በላብና በእርጥበት ስለሚበሰብስ ቆዳው ገና ደህና እያለ ጣቱ ይከፈታል።

ኢኤን 388 (EN 388፣ የአውሮፓ የሥራ ጓንት መመዘኛ) የሚል ምልክት ካለው አራቱ ቁጥሮች በቅደም ተከተል ፍትጊያን፣ ስለትን፣ መቀደድንና መበሳትን ያሳያሉ። አራተኛው ከፍተኛው ውጤት 4 ስለሆነ ብቻ ለእሾህ አይመኑት፤ የሚፈተነው በወፍራም ዘንግ እንጂ እንደ ቀጋ እሾህ በቀጠነ ነገር አይደለም።

መዳፉ ብቻ የተነከረ ጓንት አድርገው ሳማ አይንቀሉ፤ ጸጉሩ በሹራቡ አልፎ አይበሉባዎን ይለበልባል። ወተታሙን ቁልቋል ሲቆርጡ ደግሞ በጓንቱ ፊትዎን አይጥረጉ፤ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል።

የረጠበ የቆዳ ጓንት ፀሐይ ላይ ወይም ከሰል አጠገብ ከደረቀ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። ጥላ ላይ ይስቀሉት። ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው አጥልቀው ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ፤ ይለሰልሳል፣ የእጅዎንም ቅርጽ ይይዛል።