አዲስ ፊልም በመጀመሪያው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ስንት ያስገባል? ግምቱ እንዲህ ይሠራል

የአሜሪካና የካናዳ ቦክስ ኦፊስ (የሲኒማ ትኬት ገቢ) ላይ መገመት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ትሬለሩ የዩቲዩብ እይታ ነው። ተዉት። ትሬለር በነፃ ነው፣ ትኬት ግን ገንዘብ ያስወጣል።

መነሻችሁ ተመሳሳይ ፊልም ይሁን። ዘውጉ፣ ተመልካቹና የሚወጣበት ወቅት የሚቀራረብ ሦስት አራት ፊልም ምረጡና ሐሙስ ማታ (ዓርብ በይፋ ከመከፈታቸው በፊት በሚታዩበት ምሽት) ስንት፣ በሦስቱ ቀን ደግሞ ስንት እንዳስገቡ ጻፉ። የቅድሚያ ትኬት ሽያጭ ካገኛችሁም ከእነሱ ጋር አስተያዩት፤ ግን ፊልሞቹ ሊወጡ እኩል ቀን ሲቀራቸው የነበረውን ሽያጭ ይሁን፣ አለበለዚያ ትርጉም የለውም።

ዋናው ሥራ ያለው ዓርብ ጠዋት ነው። የሐሙስ ማታ ገቢ የሚታወቀው ያኔ ነው፣ ሲቆጠር ግን ከዓርብ ጋር ይደመራል። ታዲያ ያንን ቁጥር በስንት እናባዛው?

እሱን የሚወስነው ተመልካቹ ነው። በ2024 የልጆች ፊልሙ ኢንሳይድ አውት 2 ሐሙስ ያገኘው 13 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ እሁድን የጨረሰው ግን 154 ሚሊዮን ገደማ ይዞ ነው። 12 እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው! በዚያው ዓመት የኮሚክ ጀግኖች ፊልሙ ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን ሐሙስ 38.5 ሚሊዮን አፈሰ፣ በሦስቱ ቀን ደግሞ 211 ሚሊዮን ገደማ፤ 5.5 እጥፍ ብቻ ማለት ነው። ልጆች ያሉት ሰው ሐሙስ ማታ ሲኒማ ቤት አይገኝም፣ ቅዳሜ ቀን ላይ ቤተሰቡን ሰብስቦ ነው የሚሄደው። የኮሚክ አድናቂው ግን ሌላው ሰው ታሪኩን ሳይነግረው ቀድሞ ማየት አለበት። ስለዚህ በልጆች ፊልም የሐሙስ ቁጥር አትደንግጡ፣ በአድናቂዎች ፊልም ደግሞ አትስከሩ።

ተከታታይ ፊልም ላይ የሚሸወደው ብዙ ነው። የ2019ኙ ጆከር ሐሙስ 13.3 ሚሊዮን አስገብቶ በ96.2 ሚሊዮን ከፈተ፣ 7.2 እጥፍ አካባቢ። በ2024 ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ሐሙስ 7 ሚሊዮን አገኘ። የመጀመሪያውን ማባዣ እንዳለ የወሰደ ሰው 50 ሚሊዮን ይላል፤ የመጣው ግን 37.7 ሚሊዮን ነው። ምን ሆነ? ተመልካቹ አልወደደውማ! ከሲኒማ የሚወጡ ሰዎችን ውጤት የሚያሰጠው ሲኒማስኮር ዲ ነው ያለው፣ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ገቢው በ81 በመቶ ወደቀ። እንዲህ ዓይነት ውጤት ካያችሁ የቅዳሜና የእሁድ ግምታችሁን ሳትሳሱ ቀንሱ።

ካላንደሩንም እዩ። ሰኞ በዓል ከሆነ የእሁድ ማታ ትኬት ይሸጣል፣ የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) እሁድ ከሆነ ግን አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

አንድ ቁጥር ላይ አትቸከሉ፣ “ከ45 እስከ 55” ማለት ያዋጣል። የራሳችሁን ግምት ስትመዝኑ ደግሞ በእሁዱ ዜና አይሁን፤ እሁድ ሳያልቅ የሚወጣ ስለሆነ የዚያን ቀን ገቢ ስቱዲዮዎቹም ገምተው ነው የሚደምሩት። ትክክለኛው የሚወጣው ሰኞ ነው።