ለሰው እየቀዳህ አንተ ሳትጠጣ

ስምንት ዓመት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሦስት ቤት። አምስቱን ዓመት እየጠጣሁ ሠራሁ፣ ሦስቱን ሳልጠጣ። ይህን የምጽፈው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ፣ ግን እንጀራው እዚያው መጠጡ መሀል ለሆነበት ሰው ነው፦ ለባርማን፣ ለአስተናጋጅ፣ ለዲጄ፣ ለአዝማሪ፣ ለቢራ ሽያጭ ሠራተኛ። «ሥራህን ቀይር» የሚል መካሪ ሞልቷል። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ግን ነገ ጠዋት ተነስቶ ሥራ አይቀይርም።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር። ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልብህ፣ አንድ መለኪያ ካልወሰድክ የማትረጋጋ ከሆነ ሐኪም ሳታይ በአንዴ አታቁም። ሰውነት አልኮል ለምዶ ድንገት ሲቋረጥበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊያንፈራግጥ ይችላል፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና ሰው አለመለየት ሊመጣ ይችላል። ሰው ይሞትበታል። ሐኪም ግን በመድኃኒት ቀስ አድርጎ ያሻግርሃል። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ እኔም ሄጃለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ሥራው። ውሳኔው ባንኮኒ ላይ አይወሰንም። ቤት ነው የሚያልቀው፣ ዩኒፎርም ሳትለብስ። «ዛሬ እንደ ሁኔታው» ብለህ ከገባህ አለቀልህ፣ ምክንያቱም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደክሞህ፣ ሙዚቃው ጆሮህን እየደበደበው፣ ሦስት ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ እየጠራህ ቁጭ ብለህ አታስብም። «አንድ ብቻ» የሚለውም እዚህ ሥራ ላይ አይሠራም። ሒሳቡን እየው። 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ፣ ጉበት ያንን ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ደንበኛህ ግን አንድ አይደለም። ሁሉም «አንድ ብቻ» ብሎ ነው የሚጋብዝህ። አሥር ደግ ሰው ማለት አሥር ቢራ ነው።

ሳትበላ አትግባ። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ባዶ ሆድና ድካም ሲገናኙ ሰውነት መጠጥ ነው የሚጠይቀው። የሠራተኛ ምግብ እስኪደርስ አትጠብቅ።

ሲጋብዙህ ምን ትላለህ? ብዙዎቻችን «መድኃኒት ላይ ነኝ» እንላለን። ለአንድ ሳምንት ይሠራል። በሁለተኛው ሳምንት «አላለቀም እንዴ?» ይሉሃል፣ በሦስተኛው ስለ ጤናህ ወሬ ይጀመራል፣ አንተም ውሸቱን ስታስታምም ትከርማለህ። እኔ ሁለት ወር በዚህ ቆይቼ ነው የተውኩት።

ጋሼ የምላቸው አንድ ቋሚ ደንበኛ ነበሩኝ። ሁልጊዜ ሁለት መለኪያ ያዝዛሉ፣ አንዱን ለራሳቸው፣ ሌላውን በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ እኔ። ባንኮኒው እርጥብ ስለነበር መለኪያው ተንሸራቶ መጥቶ እጄን ነካኝ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ መጠጥ አቁሜያለሁ» አልኳቸው። «በሞቴ!» አሉ። «ይኑሩልኝ እንጂ!» ብዬ መለኪያውን ወደሳቸው መለስኩና አምቦዬን አንስቼ ከብርጭቆአቸው ጋር አጋጨሁ። ትንሽ ቅር አላቸው። ሁለቱንም ራሳቸው ጠጡ። በሌላ ቀን እንደገና ሞከሩኝ፣ እኔም ያንኑ ቃል መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ገና ሲገቡ «ለእሱ አምቦውን» ብለው ለአስተናጋጇ ሲያዝዙ ሰማሁ።

ከዚያ የያዝኩት ነገር ይሄ ነው። አመስግን፣ በአጭሩ ተናገር፣ ወዲያው ብርጭቆህን አንሳና አጋጭ። ምክንያት አትደርድር። «ጉበቴን ስለሚያመኝ» ካልክ «እንዲያውም አረቄ ነው የሚያሽረው» የሚል ይመጣል፣ ክርክር ውስጥ ትገባለህ፣ በክርክር ደግሞ ሞቅ ያለው ሰው አይሸነፍም። ከጋባዡ ላይ የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ናቅከኝ ነው፣ ስለ መጠጡ አይደለም። ብርጭቆ ስታጋጭለት ንቀቱ ይጠፋለታል። አብሮኝ የሚሠራ ሙስሊም ባልደረባ አለ፣ «አልጠጣም» ሲል ማንም አይጨቀጭቀውም። ሰው ቁርጡን ሲያውቅ ይተዋል። እኛን የሚያስጨንቁን ትናንት እምቢ ብለን ዛሬ እሺ ስለምንል ነው።

ብርጭቆህ ባዶ አይሁን፣ ከእጅህም አይራቅ። አምቦ ውሃ በበረዶና በሎሚ፣ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ፣ ሲያዩት ከጂን ቶኒክ አይለይም። ማልትም አለ። ራስህ ቅዳው፣ ሌላ ሰው «ቆይ እኔ ላምጣልህ» ካለህ አመስግነህ እምቢ በል፣ ሞቅ ያለው ጓደኛ ውስጡ ምን እንደሚጨምርበት አታውቅም። ኮክቴል የምትሠራ ከሆነ በመለኪያ ሥራ፣ በዓይንህ አትገምት፣ ያኔ መቅመስ አያስፈልግህም። የግድ ከሆነ ባልደረባህ ይቅመስልህ።

እህቶቼ፣ የእናንተ ይለያል። አንቺ ላይ ግብዣው ብቻውን አይመጣም፤ «ቁጭ በይ» አለ፣ እጅ መያዝ አለ፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ በተጋበዝሽው ልክ ኮሚሽን አለ፣ ስለዚህ አለመጠጣት ከደሞዝሽ ይቆረጣል ማለት ነው። ኮሚሽኑ በአምቦና በለስላሳም እንዲያዝ ኃላፊውን በቀን፣ ሰው በሌለበት አናግሪው። ብቻሽን አትሂጂ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ደንበኛው ጠረጴዛ ጋ ደግሞ ሳትቀመጪ ቆመሽ ተጋበዢ። ከተቀመጥሽ መነሳት ይከብዳል። ትተሽው የሄድሽውን ብርጭቆ ተመልሰሽ አትጠጪ፣ ለስላሳም ቢሆን።

ለኃላፊ የሚነገረው ነገር ይሄው ነው፣ በቀንና በጨዋ ቃል። ብዙዎቹ የሚፈሩት ሽያጭ ይወርዳል ብለው ነው። የማይጠጣ ባርማን ሒሳብ አያጎድልም፣ ብርጭቆ አይሰብርም፣ ከሰካራም ጋር አይጣላም፣ ይህን አሳየው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን ሠራተኛ በሥራ ቦታ ጠጥቶ አካሉና አእምሮው ለሥራ እስከማይሆን መድረሱን ይከለክላል። ነገር የተበላሸ ቀን «ጋብዘውኝ ነው» የሚለው አያድንህም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። ስንጀምር ሁላችንም ደንበኛውን ነው የምንፈራው። እኔን የጣለኝ ግን ደንበኛ አይደለም። በር ከተዘጋ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት፣ ሙዚቃው ጠፍቷል፣ ወንበር ጠረጴዛ ላይ ተገልብጧል፣ ካሸሯ ብሩን እየቆጠረች ነው፣ ሰርቪስ ገና አልመጣም። ኃላፊው «ለድካማችሁ» ብሎ አንድ ጠርሙስ ይከፍታል። እግርህ ይዝላል፣ የሚወዱህ ሰዎች ከበውሃል፣ ማንም አያስገድድህም። ሌሊቱን ሙሉ የገፋኸውን መጠጥ እዚያ ትጠጣዋለህ። እኔ ሁለት ጊዜ ያቆምኩትን የጀመርኩት እዚችው ሰዓት ላይ ነው።

ለዚህ ሰዓት ሥራ ፈልግለት። ፍሪጅ መቁጠሩን፣ ማሽን ማጠቡን አንተ ውሰደው። ሌላው ሲቀመጥ አንተ ቁም። ቴርሞስ ሻይ ይዘህ ግባና እንደተዘጋ ክፈተው፣ የሚጠጣ ትኩስ ነገር እጅህ ላይ ካለ ግማሹ ጣጣ ይቀልልሃል። አቅም ካለህ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳን ሰርቪሱን ሳትጠብቅ ሂድ፣ በተለይ ደሞዝ የወጣ ቀንና ትልቅ የኳስ ጨዋታ ያለ ቀን።

ጫት የምትቅም ከሆነ ደግሞ ስማኝ። የሌሊት ሥራ ላይ ያለን ብዙዎች ለመንቃት እንቅማለን፣ ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ሲል ጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ምርቃና በመጠጥ ማብረድ፣ እንገባለን። ጫቱን እንደያዝክ መጠጡን ብቻ ልተው ካልክ፣ ንጋት ላይ ዓይንህ ፈጦ ጣሪያ ስታይ ማን ይይዝሃል? ሁለቱን አብረህ አስብበት፣ ለሐኪሙም ሁለቱንም ንገረው። እኔ መጀመሪያ የቀነስኩት ጫቱን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሥራ ላይ ቆሜ አንቀላፍቻለሁ፣ ከዚያ እንቅልፌ ተስተካከለ።

ለመጀመር ሁዳዴ ጥሩ ጊዜ ነው። «ጾም ነው» ስትል የሚጠይቅህ የለም፣ ቤቱም ቀዝቀዝ ይላል፣ 55 ቀን ደግሞ ትንሽ አይደለም። ችግሩ ፋሲካ ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለማካካስ የሚመጣ ሕዝብ አለ፣ አንተንም «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ሊቀዳልህ። ስለዚህ የፋሲካን ሽፍት ከጾሙ አጋማሽ ጀምረህ ተቀያየር። ካልተቻለ ደግሞ ዕለቱን የምትደውልለት ሰው አዘጋጅ።

የምትደውልለት ሰው ለሌላም ቀን ያስፈልግሃል። ከጠጣህ፣ ያው ሌሊት ንገረው፣ ጠዋት አትበል። የደበቅከው አንድ መለኪያ በማግስቱ ሌላ ያስከትላል፣ «አንዴ ተበላሽቷል» የሚለው ሐሳብ ነው የሚጎትተው። እኔ የምደውለው ለታላቅ እህቴ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኩን አንስታ መጀመሪያ የምትለኝ «የት ነህ?» ነው፣ ሌላ ምንም አትጠይቀኝም፣ ቤት እስክገባ መስመር ላይ ትቆያለች።

ይህን ሁሉ አድርገህ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ከወደቅክ ቤቱ ላንተ አይሆንም ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ሙያህን ሳትተው ሰዓቱን ቀይር። እኔ ባለፈው ዓመት እዚያው ቤት ወደ ጠዋት ሽፍት ተዛውሬያለሁ። ቡና ማሽኑ ላይ ነኝ። ቲፑ ያንሳል፣ ከቤት የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገና ሳይነጋ ነው፣ ጋሼም አንዳንዴ ብቅ ብለው ማኪያቶ ያዝዙኛል።