የቤት ወጪ ያለምክንያት ሲንር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ስለ ቁጠባ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ መብራት አጥፉ፣ ውሃ አታብዙ ከማለት አያልፍም። ነገር ግን ከየቤቱ ሳይታወቅ የሚወጣው ገንዘብ ሰፋ ያለው ድርሻ የሚሄደው ማንም ልብ ባላለው ብልሽት ስለሆነ፣ ራስን ከመከልከል በፊት ቤቱን መፈተሽ ይቀድማል። ለፍተሻው የእጅ ሰዓት፣ ከጀበና የተረፈ ቀዝቃዛ ቡናና አንድ የብር ኖት ይበቃሉ።

የመብራት ካርድ ሂሳብ ከወትሮው ቀድሞ ሲያልቅ

አዲስ ዕቃ ሳይገባ፣ የቤተሰቡም ቁጥር ሳይጨምር ለወር ይበቃ የነበረው ሂሳብ በሦስት ሳምንት ካለቀ፣ መጀመሪያ የሚታየው ቆጣሪው ነው። በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት አለች፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል የሚገልጽ ቁጥር ተጽፏል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ መብራቷን ለጥቂት ደቂቃዎች መመልከት ያስፈልጋል። ብልጭታው ከቀጠለ ከብሬከሩ በፊት የተጠለፈ መስመር አለ፣ ካልሆነም ቆጣሪው ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ይህን ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ማሳወቅ እንጂ ሽፋኑን መነካካት አይገባም።

ብልጭታው ከቆመ ችግሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ብሬከሩን መልሶ፣ ዕቃውን ሁሉ ነቅሎ፣ አንድ በአንድ እየሰኩ በሁለት ብልጭታዎች መካከል ያለውን ሰከንድ መቁጠር ይቻላል። ቁጥሩ 1,600 በሆነበት ቆጣሪ 2,250ን ለሰከንዱ ሲያካፍሉት የዕቃው ዋት ይገኛል፤ ለምሳሌ 15 ሰከንድ ከፈጀ ዕቃው 150 ዋት እየወሰደ ነው። ሁሉም ተነቅሎ ብልጭታው ካላቆመ ደግሞ ቦይለሩን መጠርጠር ነው፤ ያለ ስፒና በቀጥታ ከመስመር ጋር ስለሚታሰር ብዙ ሰው ይረሳዋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ስለሚወደድ፣ ትንሽ የምትመስል ብክነት እንኳ ቤቱን ወደ ላይኛው እርከን ልታሻግረው ትችላለች።

ምጣዱ ሲዘገይና እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ ከባዱ ነው ማለት ይቻላል። አልግል ሲል ጥፋቱ ወዲያው በሊጡ ወይም በጤፉ ይላከካል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠረጥረው የኃይል ማነስን ነው። 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። እርግጥ ቆጣሪውም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ይቆጥራል፤ ይሁን እንጂ ምጣዱ እስኪግል በሚጠበቅበት ረጅም ጊዜ ሙቀቱ ከሥርና ከጎን እያመለጠ ስለሚባክን፣ ለአንድ እንጀራ የሚወጣው ገንዘብ ይጨምራል። መፍትሄው ሰፈሩ በሙሉ የሚያበስልበትን ምሽት ትቶ በማለዳ ወይም ረፋድ ላይ መጋገር ነው። ጥቂት እንጀራ ብቻ የሚበቃው ቤተሰብ ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እየቀጠለ፣ በአንድ ግለት የሁለት ቤት ሊጥ መጨረስ ይችላል። ምጣዱ ከጠፋ በኋላ የሚቆየው ሙቀትም ያደረ እንጀራ ለድርቆሽ ለማድረቅ ይሆናል።

ስፒናው ወይም ሶኬቱ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ምጣዱ ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ፣ የላላ ማያያዣ ለኤሌክትሪኩ ፍሰት ግማሽ ኦም (የተቃውሞ መለኪያ) ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው ከ100 ዋት በላይ ለግድግዳው ይሰጣል፤ ይህ ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን እሳት የሚያስነሳ ነው። ምጣድን በማራዘሚያ መሰካት ትቶ፣ በባለሙያ ለብቻው የ4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱን ብሬከር ማስገባት ወጪውን ይመልሳል።

የውሃ ሂሳብ ሲንርና ሌሊት ሽንት ቤቱ ውሃ ሲያንሿሿ

ቀዝቃዛውን ቡና ከአተላው አጥልሎ በመቀመጫው ጀርባ ወዳለው የውሃ ሳጥን መጨመርና ለግማሽ ሰዓት ውሃ ሳይለቁ መቆየት ነው። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከደፈረሰ፣ ከሳጥኑ ሥር ያለው የጎማ መዝጊያ አልገጥም ብሏል። በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢያፈስ በቀን 144 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሰባት በላይ ማለት ነው። ጎማውና የሚያርፍበት ጠርዝ ደለል ይዘው ከሆነ መጥረግ ይበቃል፤ ጎማው ከተጣመመ ወይም ከደረቀ መለወጥ አለበት።

የፍሪጁ ሞተር አላርፍ ሲል

የብር ኖቱን በበሩ ጎማ መካከል አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት። ሳይከብድ ከወጣ ጎማው ቀዝቃዛውን አየር እያስወጣ ነው፤ በሞቀ ውሃና ሳሙና ማጠብ፣ ካልተስተካከለም ማስለወጥ ያስፈልጋል።

ባቄላና ቦሎቄ አልበስል ብለው ጋዝ ሲጨርሱ

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሳቱን ማጋል ጋዙን ይጨርሳል እንጂ ውሃውን ከዚያ በላይ አያሞቀውም። ጥራጥሬውን አሳድሮ ዘፍዝፎ የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት፣ በአዲስ ውሃ ለግማሽ ሰዓት አጥብቆ ማፍላት፣ ከዚያም ድስቱን እንደተከደነ ከእሳት አውርዶ በወፍራም ጋቢ ጠቅልሎ ለጥቂት ሰዓታት መተው ጋዙን በእጅጉ ይቆጥባል። ከመቅረቡ በፊት እንደገና መፍላት አለበት። ጥሬ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ ስላለው፣ የመጀመሪያው ማፍላት በምንም ምክንያት አይዘለልም።