ሥራ የፈታ ጭስ ማውጫን ለአዲስ የአየር ቱቦ መጠቀም

የቤቱ ማሞቂያ ተቀይሮ አዲሱ ጭሱን በግድግዳ በኩል የሚያስወጣ ከሆነ፣ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚዘልቀው የድሮው ጭስ ማውጫ ሥራ ይፈታል። ግድግዳ ሳይፈርስ ላይኛው ፎቅ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ አየር ለማድረስ ጥሩ መንገድ ነው። የሚፈለገው ግን ክፍተቱ እንጂ ቱቦው አይደለም። ለዓመታት ጥቀርሻና አሲድነት ያለው እርጥበት የጠጣ ቱቦ ወደ መኝታ ቤት አየር ሊያስገባ አይገባም፤ ወጥቶ ይጣል።

ከሁሉ በፊት ማውጫውን ሌላ ነገር እንደማይጠቀምበት አረጋግጡ። የጋዝ ቦይለር ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይቀጠላል። ባትሪ ይዛችሁ ከታች እስከ ጣሪያ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ተከተሉ። ቦይለር ካለበት፣ የራሱ ማውጫ እስኪሠራለት ድረስ አንድ ቪት እንኳ አትፍቱ። መውጫ ያጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። ቱቦው ግራጫና ሲሚንቶ መሳይ ከሆነም አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ስለሚችል አትቁረጡት፣ አትስበሩት፤ ለሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ያንሳው።

ድርብ ላሜራ ያለው ማውጫ ከእንጨት ቢያንስ 2.5 ሴ.ሜ ርቆ ስለሚተከል ቀዳዳው ከቱቦው ይሰፋል። 15 ሴ.ሜ ቱቦ የወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ 20 ሴ.ሜ ይቀበላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ የ15ቱ አፍ 177 ካሬ ሴ.ሜ፣ የ20ው 314። በየፎቁ ለኩና በጠባቡ ቦታ ወስኑ። ተጣጣፊ ቱቦ እዚህ አይሁን፤ ተጨማድዶ አየሩን ያንቃል።

የድሮውን ከላይ ጀምራችሁ አውርዱ፤ ጥቀርሻው ስለሚበን ጭምብል አድርጉ፣ ወለሉን በፕላስቲክ ሸፍኑ። የጣሪያውን ቀዳዳ በዚያው ቀን በእንጨትና በጣሪያ ልባስ ድፈኑት።

አዲሱ ቱቦ ክፍተቱ ውስጥ ከገባ በኋላ እጅ ስለማይደርስበት መገጣጠሚያው ሁሉ ከመውረዱ በፊት ተሠርቶ ይጠናቀቅ። የተሸበሸበው ጫፍ (ቀጣዩ ቱቦ ውስጥ የሚገባው) አየሩ ወደሚሄድበት ይዙር፤ ከተገለበጠ አየሩ በስንጥቁ ያፈተልካል። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ዙሪያ በእኩል ርቀት ሦስት ቪት ምቱ፣ ከዚያ በብሩሽ የሚቀባ የቱቦ ማሸጊያ የቪቱን ራስ ጭምር እስኪሸፍን ድረስ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ። የጨርቅ ፕላስተር ሙጫው ደርቆ ስለሚላቀቅ አይሆንም። ክብደቱን በየፎቁ በላሜራ ማሰሪያ ከእንጨቱ ጋር ያዙት።

በብዛት የሚረሳው በቱቦውና በወለሉ መካከል ዙሪያውን የሚቀረው ቀለበት መሰል ክፍተት ነው። ክፍት ከተተወ ከታች የተነሳ እሳት በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይደርሳል። በየወለሉ 0.5 ሚ.ሜ ላሜራ ክፈፍ ግጠሙና ጠርዙን እሳት በሚቋቋም ማሸጊያ ድፈኑ፤ ተራ ፎም ራሱ ይቀጣጠላል።

ከኮርኒስ በላይ የሚሄደውን ክፍል ዙሪያውን በሙቀት መከላከያ ጠቅልሉ። ባዶ ከተተወ በሞቃት ወቅት የአየር ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍበት ላዩ ያልበዋል፣ ጠብታውም ኮርኒሱን ያበሰብሳል።