ተርቦው ሞተ ከማለትህ በፊት መተንፈሻውን እይ

ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ያለው መኪና የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ሰማያዊ ጭስ ካጨሰ ፍርዱ ቶሎ ነው የሚመጣው። "ተርቦው ሞቷል፣ ይቀየር።" አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ያን ሁሉ ብር ከማውጣትህ በፊት አንዲት የጎማ ቱቦ እይ። ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን ትነሳና በአየር ፊልትሮውና በተርቦው መሃል ባለው ቧንቧ ላይ ትገባለች። ሞተሩ የሚተነፍሰው በእሷ ነው።

ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የቱንም ያህል ደህና ቢሆን የተቃጠለ ጋዝ ትንሽ ትንሽ እያለፈ ካርተር (ከሞተሩ ስር ዘይት የሚጠራቀምበት ክፍል) ውስጥ ይገባል። ተርቦ ሲኖር ግፊቱ ስለሚበረታ የሚያልፈውም ይበዛል። ጋዙ መውጫ ካጣ ችግር ነው፤ ለምን ቢባል፣ ተርቦው ዘይት የሚቀበለው በፓምፕ ግፊት ቢሆንም የሚመልሰው ግን ዘይቱ በራሱ ክብደት ወደ ካርተር ሲወርድ ብቻ ነው። ካርተሩ ከታፈነ ዘይቱ አይወርድም። ተርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በዘንጉ ዳርና ዳር ወደ አየር መግቢያው ወይም ወደ ጭስ ማውጫው ይገፋል። አዲስ ተርቦ ብትገጥምም ያው ነው፣ ያጨሳል።

የኛ አገር መንገድ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦው የጎደለውን ለመሙላት ይበልጥ ይሽከረከራል። ከኮምቦልቻ ደሴ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። በጠዋቱ ብርድ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ብቻ የሚመላለስ መኪና ደግሞ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ስለሚጠፋ እርጥበቱ ከዘይት ጋር ተደባልቆ የዘይት መሙያ ክዳኑ ስር እርጎ የመሰለ ነገር ይሠራል። ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ተቃጠለ ብለህ ወዲያው አትደንግጥ። የራዲያተሩ ውሃ ካልቀነሰ አንድ ረጅም መንገድ ንዳውና መልሰህ እየው። ያ ቅባት ግን ቱቦውን ይዘጋል።

አሁን ወደ ምርመራው። ሞተሩን አሙቅ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ይሥራ። የዘይት መሙያ ክዳኑን ፈተህ እዚያው ላይ አስቀምጠው። ናፍታ ከሆነ ትንሽ መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው። ክዳኑ ከዘለለ ግፊት አለ ማለት ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ መተንፈሻ ቱቦውን ከቴስታታው ክዳን ላይ ንቀል፣ እንደገና አስነሳ። የዘይት መሙያ ክዳኑ አሁን ጸጥ ካለ የተዘጋው ቱቦው ነው፣ ደስ ይበልህ። እሱ እየዘለለ ቱቦውን ከነቀልክበት ቦታ ምንም ካልወጣ የተዘጋው ቴስታታው ክዳን ውስጥ ያለው፣ ዘይቱን ከጋዙ የሚለየው የዘይት መለያ ነው። ከዚያ ቦታ ጋዙ እየተንቦለቦለ ከወጣ ግን ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የፋሻ ነው፣ ሌላ ወጪ ነው። ይህን ስታደርግ የተነቀለው ቱቦ ውስጥ ጨርቅ እንዳትወትፍ፣ ተርቦው ስቦ ይውጠዋል።

ጽዳቱ ቀላል ነው። የብረቱን ክፍል በናፍታ እጠብ። ጎማውን በሙቅ ውሃና በሳሙና፤ ቤንዚን ውስጥ ካቆየኸው ያብጣል። አንዳንድ ሞተር ላይ የሚቀየር የመተንፈሻ ፊልትሮ አለ፣ እሱን ማጠብ ትርፉ ድካም ነው፣ ቀይረው። የላላ ፋሸታም (የቱቦ ማጥበቂያ) አብረህ ቀይር።

ቱቦውን ነቅሎ ትንሽ ክብ ፊልትሮ መሰካት አሁን ፋሽን ሆኗል። እኔ አልወደውም። የዘይት ጉሙ ሞተሩን ያለብሰዋል፣ የመንገዱ አቧራ ይለጠፍበታል፣ ሽታው ጋቢና ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ተርቦው መግቢያ ላይ የቀረው ቀዳዳ ነው። ከአየር ፊልትሮው በኋላ ስለሆነ ክፍት ከተተወ አቧራው ሳይጣራ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚዞረውን ምላጭ ይመታል። ቤንዚን ሞተር ላይ ደግሞ በሴንሰሩ ያልተለካ አየር ይገባና ሚኒሞው ይረበሻል። ቤንዚን ላይ ሌላም ነገር አለ፤ መተንፈሻው ላይ ያለው ቫልቭ የተርቦው ግፊት ወደ ካርተር እንዳይመለስ ይዘጋል። ከደከመ ቀይረው እንጂ አትጠግነው።

ዘይቱ ወደ ተርቦው እንዳይሄድ ከፈለግክ በመተንፈሻ ቱቦው መሃል ላይ የዘይት ማጠራቀሚያ ቆርቆሮ ግጠም። ውስጡ መረብ ወይም ግድግዳ ያለው ይሁን፣ ባዶ ጣሳ ጉሙን አይዝም። ቀጥ ብሎ ይቁም። ቱቦው ዘይት የሚችል፣ ከፋብሪካው ያልጠበበና ያልተጣመመ ይሁን። ክረምት ላይ ውሃም ስለሚጠራቀም ቶሎ ቶሎ አፍስሰው።

ማፍሰሱን ችላ አትበል፣ ካርተሩንም ከመለኪያው በላይ አትሙላ። ናፍታ ሞተር ብዙ ዘይት ከሳበ ዘይቱን እንደ ነዳጅ አቃጥሎ በራሱ ይጮሃል፣ ቁልፍ ብታጠፋም አይቆምም። ማኑዋል ከሆነ ከፍተኛውን ማርሽ አስገባ፣ ፍሬኑን አጥብቀህ ርገጥ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፤ ታንቆ ይጠፋል። ካልሆነልህ ከመኪናው ራቅ።